ያልተሰረቀው ቤንዚን

ባሌ ሲሞት አንዲት ልጅና አንዲት አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ትቶልኝ ነበር። ልጄ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበረች። መኪናዋ በዕድሜ ከልጄ ትበልጥ ነበር።

የማስተምረው ሮቢት ነው፤ ሒሳብ። ቤቴ ቆቦ ነው። ባሌ በሕይወት ሳለ ጠዋት ያደርሰኝና ከሰዓት በኋላ ይመልሰኝ ነበር፤ እኔ መንዳት አላውቅም። እሱ ካለፈ በኋላ መኪናዋ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ቀረች፤ እኔም ሚኒባስ መጋፋት ጀመርሁ። አንድ ቀን ጥቁር ለብሼ፣ ደብተሮቼን አቅፌ፣ ከሰው ብብት ሥር ተጣብቄ ስሄድ የባሌ ታናሽ ወንድም ከመንገድ ዳር ሆኖ አይቶኝ ኖሯል። እሑድ ቤት መጣ። ሸራውን ገለጠ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ባትሪውን ፈትቶ ወሰደው። በማግስቱ ቻርጅ አድርጎ መለሰው።

«እትዬ፣ ከነገ ጀምሮ እኔ አደርስሻለሁ» አለኝ። «ወንድሜ እንዲህ ስትጋፊ ቢያይሽ ደስ አይለውም።»

ይህ ዋርሳዬ ከወጣትነቱ ጀምሮ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የሚነዳው መኪና ተቃጠለ፤ እሱ ቀኝ እግሩ ተሰብሮ ተረፈ። አጥንቱ ጠሞ ስለገጠመ ያነክሳል። በዚያ እግር ከባድ መኪና የሚያስረክበው ባለንብረት አላገኘም። ትዳር የለውም፤ እናቱ በሞተችበት አንድ ክፍል ቤት ብቻውን ይኖር ነበር። ጠዋት ሮቢት ያደርሰኝና መኪናዋን ወደ ቆቦ ይመልሳታል፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ይወስደኛል። እኛ ቤት መመላለስ ከጀመረ ወዲህ ምሳና እራቱ ከእኛ ጋር ሆነ። ወር ሲደርስ የምሰጠውን ሳያየው ኪሱ ይከተዋል። ልጄ አባቷን ጠይቃ የማታውቀውን ሁሉ እሱን ትጠይቀው ነበር። የቤቱ ቆርቆሮ ሲያፈስ በዚያ እግሩ ጣሪያ ላይ የሚወጣው እሱ ነው።

በሁለተኛው ክረምት ከላይ ከደጋው የወረደ ጎርፍ ሰፈራችንን አጥለቀለቀው። ውኃው ግቢያችን ገብቶ መኪናዋ እስከ ቸርኬዋ ጭቃ ውስጥ ተቀበረች። ትምህርት ቤቱ ዝግ ስለነበር፣ የእጅ ፍሬኗ እንደተሳበ፣ እንዲሁ ቆማ ከረመች። ጭቃው ሲደርቅ ዋርሳዬ በጉልበቱ ተንበርክኮ በባልዲ አጠባት። መስከረም ሲጠባ እንደ ወትሮው ሥራ ጀመርን።

ጉድለቱን ያየሁት ከመስቀል በኋላ ነው። ቀድሞ ሰኞ የሞላናት መኪና እስከ ተከታዩ ሳምንት ዓርብ ታመላልሰን ነበር። አሁን በተከታዩ ማክሰኞ የነዳጅ መብራቷ በራ። ተሳስቼ ይሆናል አልሁ። በሚቀጥለው ጊዜም ማክሰኞ ሆነ።

ያን ጊዜ ቤንዚን እንደ ወርቅ ነው። ማደያ ገባ የተባለ ቀን ሰልፉ ከከተማው መውጫ ይጀምራል። የባጃጅ ልጆች ሰልፍ ላይ ያድራሉ። ሮቢት ደግሞ መሬቱ ሁሉ በፓምፕ የሚጠጣ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ ነው፤ ገበሬው ቤንዚን ካጣ ሽንኩርቱ ዓይኑ እያየ ይደርቅበታል። ስለዚህ ከየትም ይምጣ፣ በጀሪካን ያመጣለትን ሰው አመስግኖ ይገዛል።

ይህን ነገር መምህራን ማረፊያ ውስጥ አንሥቼ ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሻዩን እያማሰለች ሳቀችብኝ።

«የሮቢት ገበሬ ቤንዚኑ ከሰማይ የሚዘንብለት መሰለሽ እንዴ? ቀኑን ሙሉ መኪናሽ ማን እጅ ናት?»

«የባሌ ወንድም እኮ ነው።»

«ኧረ እኔ ምን አልሁ» አለች። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ሰምቼ ነው።»

ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ጆሮው አስገብቶ በሌላው ያወጣዋል። እኔ አላወጣሁትም። በዚያው ቀን ከመኪናዋ ስወርድ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አይቼ በደብተሬ ጀርባ ጻፍሁ። በማግስቱም ጻፍሁ። ሰባት ቀን ሙሉ እሱ ሳያየኝ ጻፍሁ። ኪሎ ሜትሩ ልክ ነበር፤ ከቆቦ ሮቢት፣ ከሮቢት ቆቦ፣ በቀን ሁለት ደርሶ መልስ፣ አንድም የተጨመረ መንገድ የለም። ቤንዚኑ ግን ጎድሏል። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆችን «የተሰጠውን ይዘህ ያልተሰጠውን ፈልግ» ስል የኖርሁ ሰው ነኝ። የተሰጠኝን ያዝሁ። መኪናዋ አልሄደችም፣ ቤንዚኑ ግን የለም፤ ስለዚህ ቀድቶታል። መልሱ ሲመጣልኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ እንኳ ብሎኛል።

በዚሁ ሰሞን ነው አንድ ጠዋት እየነዳ ሳለ ፊቱን ሳያዞር የተናገረኝ።

«እትዬ፣ ይቺ መኪና ከብዳኛለች።»

«እንዴት ከበደችህ?»

«ነዳጅ ስረግጥባት እንደ ድሮው አትለቅም። ከኋላ የሚጎትታት ነገር አለ። ሽታም ይሸተኛል። ጋራዥ ትግባ።»

የተቃጠለ ነገር ሽታ እኔንም ሸቶኛል። ወቅቱ ግን ገበሬው የማሽላ ቃርሚያ የሚያቃጥልበት ስለነበር መስኮቱን ዘግቼ ነበር።

«የትኛው ጋራዥ?» አልሁት።

«መናኸሪያው ጀርባ የማውቀው መካኒክ አለ። ወዳጄ ነው፤ አይጎዳንም።»

ወዳጄ የምትለዋን ቃል ብቻ ሰማሁ። በቤንዚኑ አልበቃ ብሎት አሁን ደግሞ ከወዳጁ ጋር ጥገና ብሎ ሊካፈለኝ ነው አልሁ በልቤ። «ቆይ እስቲ፣ አሁን አይመቸኝም» አልሁት። ከሳምንት በኋላ ደግሞ አነሣብኝ። ያንኑ መለስሁለት። ሦስተኛ አላነሣውም።

ወልድያ ለስብሰባ በሄድሁበት ቀን የሚቆለፍ የነዳጅ ታንከር ክዳን ገዝቼ መጣሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሱ በሌለበት ራሴ ገጠምሁት። ለመግጠም ከባድ አይደለም፤ አሮጌውን አዙሮ ማውጣት፣ አዲሱን አዙሮ ማስገባት ነው። ቁልፉን ከመቀነቴ ጫፍ ቋጠርሁት። ሰኞ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምነግረው ግን አላሰብሁም።

ለእሑድ አጥቢያ ሌሊት ማደያው ቤንዚን ገባለት። ዋርሳዬ ይህን ሰምቶ፣ እንቅልፌን እንዳይነሣኝ ብሎ፣ በእሱ ዘንድ ባለው የግቢ ቁልፍ በሩን በቀስታ ከፍቶ መኪናዋን ይዞ ወጣ። እኔ ቅዳሴ ሄድሁ። እሱ ሰልፍ ያዘ። የቆቦ ፀሐይ ምን እንደሆነች ለሚያውቅ አልነግረውም። በዚያ እግሩ እየወረደ መኪናዋን እየገፋ፣ ሞተር እንዳያቃጥል እያጠፋ፣ ከንጋት እስከ ስምንት ሰዓት ቆመ። ተራው ደርሶ ቀጂው «ክፈት» ሲለው ክዳኑ አልከፈት አለ። እንደገና ሞከረ። ከኋላው ያለው ሰልፍ ጥሩምባ ይነፋ ጀመር። «የራስህ መኪና አይደለችም እንዴ?» አለው አንዱ። «የሰረቃት ነው!» ብሎ ሌላው አሳቀበት። በመጨረሻ «ዞር በል፣ ሰው አታስጉላላ» ተባለና ባዶዋን ይዟት መጣ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሰልፉ አጠገብ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ናት።

እሱ ራሱ ያለኝ ይህን ብቻ ነው። «ክዳን ገዝተሽላታል ለካ።»

«ሌባ በዝቷል ሲባል ሰምቼ ነው።»

«እዚህ ግቢ ውስጥ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ውኃ ጠጣና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ቤንዚን ሲገባ አብሬው እየሄድሁ ከፍቼ አስሞላለሁ፣ ራሴ እቆልፋለሁ። ቀጂውን፣ የማደያውን ቁጥር፣ የዋርሳዬን እጅ፣ ሁሉንም በዓይኔ እከታተላለሁ። ተሞላች። ተቆለፈች። ቁልፉ ከመቀነቴ አልወረደም። በተከታዩ ማክሰኞ መብራቷ በራ።

እዚህ ላይ ልመለስ ይገባኝ ነበር። ለተማሪዎቼ መልሱ ካልገጠመ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ፣ ምናልባት የያዛችሁት ትክክል አይደለም እላቸዋለሁ። እኔ ግን አልተመለስሁም። ቁልፉን አስቀርጾ ይሆናል አልሁ። ተኝቼ ሳለ ከመቀነቴ ፈትቶ ይሆናል እስከማለት ደረስሁ፤ ሰውዬው መኝታ ቤቴ ደጃፍ እንኳ ቆሞ አያውቅም።

ያን ማክሰኞ ከሥራ ስንመለስ ግቢው በር ላይ ሁለት ጎረቤቶቼ ቆመው ያወራሉ። መብራቷ መንገዱን ሙሉ ፊቴ ላይ ስትበራ ነው የመጣችው። ከመኪናዋ ወርጄ ገና በሩን ሳልዘጋው፦

«ቤንዚኔን ለማን ነው የምትሸጠው?» አልሁት።

የሰማ አልመሰለኝም። «ምን አልሽ እትዬ?»

«ለማን ነው የምትሸጠው? ለሽንኩርት ገበሬዎቹ ነው?»

«እኔ?»

«ሌላ ማን ይነካታል ታዲያ? ወንድምህ ቢኖር ይህን ታደርግ ነበር? ከሙት ልጅ አፍ ላይ የምትነጥቅ!»

ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እሱ የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ፤ የግቢውንም ቁልፍ ከቀለበቱ ፈልቅቆ አወጣ፤ ሁለቱንም ኮፈኑ ላይ አስቀመጣቸው። ከዚያ እያነከሰ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ልጄ ከበሩ ጀርባ ቆማ ኖሯል። «አጎቴ!» ብላ ስትሮጥ ክንዷን ያዝሁት።

ሌላ ሹፌር ቀጠርሁ። የጎረቤት ዘመድ ነው። የመኪናዋንም የክዳኑንም ቁልፍ እኔ እይዛለሁ፤ መኪናዋ ቀኑን ሙሉ ከክፍሌ መስኮት ሥር ትቆማለች፤ እሱ ጥላ ሥር ተኝቶ ይውላል። ማንም አልነካትም። አስተምራለሁ፣ በመስኮት አያለሁ፤ እጽፋለሁ፣ ደግሞ አያለሁ። በቀኑ መካከል ወደ ቆቦ መመለሷ ስለቀረ እንዲያውም የምትሄደው በግማሽ ቀንሷል። እንደዚያም ሆኖ ቤንዚኑ ከሚገባው ቀድሞ አለቀ። መብራቷ የበራችው አስፋልቱ ላይ፣ ወደ ቤት ስንመለስ ነው። ሹፌሩ ያወራ ነበር፤ ምን እንደሚል አልሰማሁም። የጻፍሁትን ቁጥር ከደብተሬ ጀርባ ገልጬ እንደገና አየሁት።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ከሹፌሩ ጋር መናኸሪያው ጀርባ ወዳለው ጋራዥ ሄድሁ። መካኒኩ ጢሙን ሒና የቀባ ሽማግሌ ነው። የሚለውን ለመስማት ስለፈራሁ ስለ ዋርሳዬ ምንም ሳልናገር «ነዳጅ ትበላለች» አልሁት ብቻ።

መጀመሪያ የአየር ፊልትሮዋን አውጥቶ አራገፈው፤ ደኅና ነው። ካንዴላዎቹን ፈትቶ አያቸው፤ ደኅና ናቸው። ከሥሯ ገብቶ የሚያፈስ ነገር ፈለገ፤ የለም። የጎማዎቹን ነፋስ ለካ። ከዚያ እሱ ራሱ እየነዳ፣ እኔን ከጎኑ አድርጎ፣ ወደ ሮቢት መውጫ ሄድን። አስፋልቱ ሜዳ የሆነበት ቦታ ላይ ማርሹን ነፃ አድርጎ ለቀቃት። ደኅና መኪና በራሷ ብዙ ርቀት መንከባለል ነበረባት። እሷ የያዛት ሰው ያለ ይመስል ወዲያው ቆመች።

«ውረጅ ቲቸር» አለኝ። «እጅሽን ወደ ጎማዎቹ አስጠጊ። እንዳትነኪ።»

ከፊት ሁለቱ ለብ ያሉ ናቸው። የኋላ ቀኙም እንደዚያው። ወደ ኋላ ግራው ጎንበስ ስል ገና ሳላስጠጋ ሙቀቱ መዳፌን ገረፈው። ያ የተቃጠለ ሽታ ከዚያ ነው የሚወጣው።

ጋራዥ ተመልሰን በክሪክ አነሣት። ሦስቱን ጎማ በአንድ ጣቱ ገፍቶ አሽከረከራቸው። አራተኛውን በሁለት እጁ ታግሎ በጭንቅ አዞረው። ሲፈታው የፍሬኑ ሸራ ተቃጥሎ ጠቁሯል፤ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ዝጎ ከውስጥ ደርቋል፤ አሮጌ ጭቃ እንደ ሸክላ ተጋግሮበታል።

«ጎርፍ ገብታ ነበር?» አለኝ።

«ገብታ ነበር።»

«የእጅ ፍሬኗ ተስቦ?»

«አዎ።»

«ገመዱ እዚያው ደርቆ ቀረ። ሲለቁትም አይለቅም። ፍሬን ይዛ ነው የምትሄደው። ቤንዚኑን የበላው እሱ ነው።» እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና ብሎ አየኝ። «ወላሂ ቲቸር፣ ይህን እኮ ያ ሹፌርሽ ነግሮኝ ነበር። ያ እግሩን የሚያመው። ‹የኋላ ግራዋ ይዟል፣ ወደ አንተ አመጣታለሁ› ብሎኝ ነበር። ስጠብቀው ቀረ። በኋላ ሳገኘው ‹ባለቤቷ አልፈቀደችም› አለኝ። ምነው ባትፈቅጂ?»

ሥራው ግማሽ ቀን አልፈጀም።

ዋርሳዬን ፍለጋ ቤቱ ብሄድ ተዘግቷል። ጎብዬ ከተማ ነው አሉኝ። ቅዳሜ ልጄን ይዤ፣ አዲሱ ሹፌር እየነዳ፣ በዚያችው መኪና ሄድሁ። ከመንገዱ ዳር አንድ ጎሚስታ ቤት በር ላይ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጎማ ይለጥፋል። የታመመ እግሩን ዘርግቶታል። መኪናዋን ሲያይ ተነሣ፤ የተነሣው ለደንበኛ ነው። ልጄ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሷን ሳማት፤ ስለ ፈተናዋ ጠየቃት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እንደምን ዋሉ?» አለኝ። «ነፋስ ነው የሚያስሞሉት?»

በዚህ ሁሉ ዓመት አንቺ ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። ባሌ ሲሞት ደረቱ ላይ ተደፍቼ ያለቀስሁበት ሰው ነው። መሬት ላይ ተንበረከክሁ።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ። ፍሬኑ ነበር። አንተ ያልኸው ነበር።»

«ይነሡ፣ ይነሡ። ሰው ያያል።»

«ይቅር ብያለሁ በለኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። እግዜር ሁላችንንም ይቅር ይበለን።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልጄ እንዳትሰማ፣ «የቤንዚኑን ስድብ እረሳዋለሁ። ከሙት ልጅ አፍ ነጠቅህ ያሉኝን ግን እንዴት አድርጌ እንደምረሳው አላውቅም» አለ።

ሽማግሌ ላክሁበት። ሽማግሎቹ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። በሁለተኛው እነሱ ፊት ትከሻዬን ሳመኝ፣ እኔም ጉልበቱን ሳምሁ። ዕርቅ ወረደ ተባለ፤ ተመረቅን፤ የታረደው በግ ተበላ። ወደ ቤቴ ግን አልተመለሰም። በዓል ሲሆን ለልጄ በሰው ስጦታ ይልካል። ስደውልለት ያነሣል፤ «ደኅና ነኝ፣ እርስዎስ?» ይለኛል።

ባለፈው ዓመት ልጄን ዳርሁ። አባት በሌለበት አባት ሆኖ ሊቆም የሚገባው እሱ ነበር። ለመንሁት፤ ልጄም ለመነችው። «ታላላቆች አሉ» አለ። የባሌ የአጎት ልጅ፣ ልጄን በዓመት አንዴ የማያያት ሰው፣ በእሱ ቦታ ተቀመጠ። ዋርሳዬ ከጎብዬ በሚኒባስ መጥቶ ከዳሱ መጨረሻ ከእንግዶቹ ጋር ተቀመጠ። በላ፣ ጠጣ፣ ሙሽራዋ ጉልበቱን ስትስም ረጅም ምርቃት መረቃት። ከዚያ ኮፍያውን አነሣ። «መኪናዋ ታድርስህ» ብዬ እስከ በር ተከተልሁት። «አይቸገሩ፣ ሚኒባስ አይጠፋም» አለኝ። አስፋልቱ ላይ ረጅም ጊዜ ቆሞ አየሁት፤ ሁለት ሚኒባስ ሞልቶ አለፈው።

መኪናዋ አሁን እኔ ነኝ የምነዳት። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በሐምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ቤንዚን ስትሞላ ድሮ እንደነበረው እስከ ሁለተኛው ዓርብ ታደርሰኛለች። ያቺ ባልደረባዬ አንዳንድ ቀን አብራኝ ትሳፈራለች። አንድ ጊዜ «ያ የቤንዚን ነገርሽ እንዴት ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የተናገረችው ከልቧ ጠፍቷል። ፍሬን ነው አልኋት። «ውይ፣ እኔ እኮ ስለ መኪና ምንም አላውቅም» አለችና ስለ ደመወዝ ማውራት ጀመረች።

ልጄ ከሠርጉ በኋላ በመልሱ ቀን ዕቃ እያጠብን ሳለ ጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ ለምን አልጠየቅሽውም?»

«ጠየቅሁት እኮ። ለመንሁት፣ አንቺም ነበርሽ።»

«ያንን አይደለም። ያኔ ነው የምልሽ። ‹ቤንዚኑ ቶሎ እያለቀ ነው፣ ምን ይመስልሃል?› ብለሽ ለምን አልጠየቅሽውም? ሹፌር እኮ ነው፤ ይነግርሽ ነበር።»

ሳህኑን አለቅልቄ አቀበልኋት። ነግሮኝም ነበር፣ ሁለት ጊዜ። ይህን ለእሷ እስከ ዛሬ አልነገርኋትም።